ለቁስል የተገዛ ካፕሱል

«ምች ነው» አለች አስካለች የዳማከሴውን ቅጠል በመዳፏ እያሸች። «ላብ አጥምቆት ከቡናው ሥር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው የመታው።»

ልጇ ተረፈ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ የእሱ አይመስልም። ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል፣ ከንፈሩ ተገልብጧል፣ አንገቱና ደረቱ ጉብ ጉብ ብሎ ቀልቷል። በተነፈሰ ቁጥር ከጉሮሮው ቀጭን ፉጨት ይወጣል።

እህቱ ወሰንየለሽ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ነገሩ ምች እንዳልሆነ የሚያውቁት እሷና ተረፈ ብቻ ናቸው።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነበር ሳንቲም አስጨብጦ አባፎጊ ሱቅ የላካት።

«አምፒሲሊን አምጪልኝ። አራት ፍሬ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ጫማው ተረከዜን ልጦኛል። ፈትቼ ልነሰንስበት ነው።»

ይውጠዋል ብላ አልጠረጠረችም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የቆሰለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ካፕሱሉን ለሁለት ይከፍትና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። አባፎጊም ጥቁርና ቀዮቹን ፍሬዎች በጋዜጣ ቁራጭ እየጠቀለለ ሳቀ። «የውትድርና ጥሪ ከወጣ ወዲህ የሠፈሩ ወጣት ሁሉ እግሩ ቆሰለ እኮ» አላት። እሷም አብራው ሳቀች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጋዜጣውን ቁራጭ ባዶውን መደቡ ሥር አገኘችው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ከሁለት ዓመት በፊት ተረፈ ቡና ሲመነጥር ገጀራ ሸርተት ብሎ ቅልጥሙን ቆርጦት ነበር። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ያንኑ ካፕሱል እንደዋጠ እንዲሁ አበጠ። ያን ጊዜ የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ በኋላ ወደ ማጂ የተዛወረው፣ እናታቸው ገበያ ስለነበረች ነገሩን ለወሰንየለሽ ነው የነገራት፤ እናትየዋ ስትመለስ እብጠቱ ጎድሎ ነበር። «ለዚህ ልጅ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ ሁሉ መርዙ ነው። በመርፌ ከሆነማ ቤት ሳይደርስ ያልቃል።» ተረፈም ሰምቷል። ዛሬ የምልምሎች ምርመራ ቀን ነበር። ያበጠ ሰው አይወስዱም ብሎ ነው የዋጠው።

በሩ ተገፋ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልደጻድቅ ጎንበስ ብሎ ገባ። አዲሱ ድሬሰር ጀይላን የመርፌ ሣጥኑን ይዞ ተከተለው።

«ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ እሱ ብቻ ነው» አለ ወልደጻድቅ። መደቡን ሲያይ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። «ምን ሆነ?»

«ምች መቶት ነው፤ አታይም?»

«ቀን መርጦ የሚመታ ምች ነው እንግዲህ።»

ጀይላን ተንበርክኮ የተረፈን አንገት ዳሰሰ፣ አፉን በማንኪያ ከፍቶ አየ። ሲነሳ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ፊቱን ኢንፌክሽን መቶታል። ወደ ጉሮሮው እየወረደ ነው። የጅማ መንገድ ደግሞ በጭቃ ተዘግቷል። ፔኒሲሊን እወጋዋለሁ። ሌላ መድኃኒት ወስዷል?»

«ምንም አልቀመሰም» አለች አስካለች። «መርፌም አይነካውም። ምች መርፌ አይወድም። የጥሩነሽ ባል ተወግቶ አይደል የቀረው?»

«እትዬ አስካለች፣ ቅጠሉን ይሹት፣ አልከለክልዎትም። እኔም ሥራዬን ልሥራ።» ከብልቃጡ ውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት በውኃ መበጥበጥ ጀመረ።

ወሰንየለሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳማከሴው መርፌውን እንዲረታ ተመኘች። እናቷ ብትጮህ፣ ብታባርራቸው፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ባለፈ ነበር። ወደ ወንድሟ ጠጋ አለች። ጣቶቹ በዳሰሳ መጥተው የቀሚሷን ጫፍ ጨበጡ። ዓይኑ ባይታይም የሚላት ነገር ግልጽ ነበር። ዝም በይ።

«አትወጉትም አልኩ» አለች እናቷ፣ መደቡ ፊት ቆማ።

ወልደጻድቅ ክንዷን ያዘና ወደ ጎን አደረጋት። በኃይል አልነበረም፤ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ነበር። «ምልምሉ የመንግሥት ነው። ይወጋ።»

ጀይላን ሲሪንጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየሩን አስወጣ። ከመርፌው ጫፍ ላይ ጠብታ ዱብ አለች።

«ጋሼ፣ አይውጉት» አለች ወሰንየለሽ። «ካፕሱል ውጧል። አምፒሲሊን። ያኔም እንዲሁ ነው ያደረገው። ፔኒሲሊን መርዙ ነው ብለውናል።»

የቀሚሷ ጫፍ ተለቀቀ።

የጀይላን እጅ አየር ላይ ቀረ። «ስንት ፍሬ?»

«አራቱንም መሰለኝ። ወረቀቱ ባዶ ነው።»

ሲሪንጁን አስቀምጦ ከሣጥኑ ሌላ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። «ይሄ እብጠቱን ያወርደዋል» ብሎ ብልቃጡን ሰበረ። ያንን ወጋው፤ አስካለችም በዚህኛው አልተከራከረችም። ተረፈን ሳይሆን ሴት ልጇን ነበር የምታየው። ዝናብ ጣራው ላይ ወርዶ፣ አባርቶ፣ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ሲሳሳ ሁሉም እንደቆሙ ነበሩ።

«ያኛውን ብሰጠው ኖሮ እጄ ላይ ነበር የሚቀረው» አለ ጀይላን ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ማን ገዛለት?» አለ ወልደጻድቅ።

«እኔ።»

«ለምን ብለሽ?»

«ለቁስል።»

ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ ከብርድ ልብሱ የወጡትን የተረፈን እግሮች አየ። ተረከዙ ላይ ጭረት እንኳ የለም። «እብጠቱ ሲጎድል እንወስደዋለን» አለ። «ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። እኔ መርምሬዋለሁ።» በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ አቁሞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አስካለች ወሰንየለሽን በስሟ መጥራት ተወች። «ውኃ የምትቀዳ ልጅ ካለች ትቅዳ» ትላለች ወደ ግድግዳው። «የሚበላ ካለ እንጎቻው እዚያ አለ።» ወሰንየለሽ ትቀዳለች፣ ትበላለች።

ተረፈ ከንፈሩ መለስ ሲል መጀመሪያ የተናገረው ለእሷ ነበር። ውኃ ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መርፌው ይሻለኝ ነበር» አለ።

ምልምሎቹን ጭኖ የሚሄደው መኪና በመጣበት ጠዋት እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ነይ አላለቻትም። ወሰንየለሽ ባዶው ቤት ውስጥ ጥቂት ቆመች። ትናንት ጤና ጣቢያ ሄዳ ጀይላንን ጠይቃው ነበር። «እዚያ ጦር ግንባር ቁስለኛ ሁሉ ፔኒሲሊን ነው የሚወጋው» ብሏታል። «ራሱን ካወቀ ይናገራል። ካላወቀ አጠገቡ ያለ ሰው ይናገርለት። እኔስ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ?» ነጠላዋን ለብሳ በሩን ዘጋችና ወጣች።

አደባባዩ በጭቃና በልቅሶ ተሞልቷል። ተረፈ ከመኪናው ጠርዝ አጠገብ ተቀምጧል። እንዳያት አወቀች፤ ያኔ ነው ፊቱን ያዞረው። እሷም አልጠራችውም። ጎማውን ረግጣ ወጣችና ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ እጅጌ ያዘች። ከሸዋ ቤንች ገጠር የመጣ ነው፤ አማርኛው ብዙም አይደለም።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አለችው። «ከቆሰለ፣ ራሱን ከሳተ፣ ፔኒሲሊን አይወጋም። ይገድለዋል። ትነግርልኛለህ?»

ልጁ ተረፈን አየ፣ እሷን አየ። «ፔንሲሊን» አለ። «ይሞታል።»

«አዎ። ለሐኪሙ ንገር።»

«እሺ።» ቃሉን ደግሞ ለራሱ አለው፣ እንዳይጠፋበት እንደሚፈራ።

ተረፈ አልዞረም። የጆሮው ጫፍ ላይ ቆዳው እየተቀረፈ ነበር።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አንድ ሰው «ውረጂ አንቺ» አላት። ወሰንየለሽ የልጁን ፊት አየችው። ከእሷ የሚበልጠው በጥቂት ዓመት ነው፤ የሚሄደውም ተረፈ ወደሚሄድበት ነው። ይሄ ልጅ ቀድሞ ቢሞትስ?

ጠርዙን አልለቀቀችም። እጇን አሻግራ ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠውን ልጅ ትከሻ ነካች።

«ወንድም» አለችው፣ «አንተም ስማኝ።»