ዳኛው ቀበቶ

ውሻቸው ቻለው ወይዘሮ ደብሪቱን ለሁለተኛ ጊዜ ጣሪያ ላይ የሰቀላቸው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። በጨረቃ ላይ በተሠራችው በጎህ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። እዚያ የሰው ክብደት ከምድሩ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ ውሻ ደግሞ ወለል የሚጨብጥ ጫማ በአራት እግሩ አጥልቆ ነው የሚሄደው። ውሻው ገመዱን በኃይል ከሳበ ባለቤቱ እንደ ፊኛ ብድግ ይላል። መንገደኛው ጎንበስ ብሎ ከሥር ያልፋል፣ «እግዜር ያውርድዎ» ይላል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ደንቡ ግን ቀልድ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ሰው ያነሣ ውሻ በመጀመሪያው መንኮራኩር ወደ ምድር ይመለሳል። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ከአየር ፋብሪካው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ከእርሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ይህ ቀይ ውሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጣሪያው እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ግርማቸው ሱቅ አመሩ። ግርማቸው የእንስሳት ዕቃ ሲሸጥ ፀጉሩ የሸበተ፣ ነገር መመርመር የሚወድ ሰው ነው። ሦስት የአንገት ቀበቶ ደረደረላቸው።

«ይኼ ቆንጣጭ ነው፤ ሲጎትት ጥርሱ አንገቱን ይይዘዋል። ይኼ ደግሞ ነዛሪ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ያስደነግጠዋል።»

«እኔም በቁንጥጫ ነው ያደግሁት። እልኸኛ ከመሆን በቀር ምን ተማርኩ?» አሉ። «ሦስተኛውስ?»

«ዳኛ ይባላል። አንዱ ጫፍ የውሻው አንገት ላይ፣ ሌላው የእርስዎ እጅ ላይ ይታሰራል። ገመዱን ቀድሞ የጎተተውን ለይቶ ሞቅ ያደርገዋል። ጥፋቱን ይነግረዋል እንጂ አያሳምመውም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ደስ አላቸው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መቼም ይታወቃል። ዳኛውን አስረው ወጡ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። «ተበላሽቷል! ውሻውን ትቶ እኔን ይለበልበኛል!»

ግርማቸው ቀበቶውን ፈትቶ መረመረው፤ ምንም አልሆነም። ሌላ ሰጣቸው፤ ያም የእርሳቸውን እጅ አሞቀ። ግርማቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ወጣ።

ወደ አትክልት ሥፍራው የሚወስደው ኮሪደር አንድ ብቻ ነው። ቻለው ገመዱ ረግቦለት ቀስ እያለ ይሄዳል። አሥራ አራት ቁጥር በር ጋ ሲደርሱ ግን ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸውን ከበሩ ትይዩ ወዳለው ግድግዳ አዞሩ፣ ክንዳቸውን ሰበሰቡ፣ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ቻለው ወደ በሩ ተንደረደረ። የሴትዮዋ እግር ከወለሉ ሲላቀቅ ግርማቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ለቀም አደረገ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ውሻ ገመድ ሲወጠርበት በተቃራኒው መሳብ ተፈጥሮው ነው። ቀድመው የሚጎትቱት እርስዎ ነዎት። እዚህ ቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም» አሉ ቶሎ ብለው። ግርማቸው እጃቸው ላይ ወደሞቀው ማሰሪያ ጠቆመ። «የሺመቤት ናት፤ የድሮ ጓደኛዬ። ሳምባዬን ታምሜ ወር ሙሉ ስተኛ አልጠየቀችኝም። እዚሁ አምስት በር አልፋ እየኖረች! ይኸው ሁለት ዓመታችን፤ አንነጋገርም።»

ወደ ጨረቃ የሚሳፈር ሰው ሻንጣው በግራም ይመዘናል። ኩርፊያን ግን ሚዛን ላይ ያወጣው የለም፤ ከሰው ጋር በነፃ ተሻግሯል።

«ከፈለጉ በነዛሪው ልቀይርልዎት» አለ ግርማቸው። «እሱ ማንም ይጎትት ማን የሚቀጣው ውሻውን ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቻለውን አዩት። ጅራቱን እየቆላ በሩን ያሸታል። አፈሩ።

«በእኔ ኩርፊያ እሱ ይነዘር? አላደርገውም» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። ገመዱ ረገበ። ቻለው ቀስ ብሎ ሄደና በሩን በእግሩ ጫር ጫር አደረገ።

በሩ ተከፈተ። የሺመቤት ከስታለች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል። ውሻውን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወይዘሮ ደብሪቱን አየች።

«ዛሬ ነው የመጣሽው?» አለች። «አንቺ የተኛሽ ጊዜ እኔም እዚሁ አልጋ ላይ ነበርኩ። ትመጣለች ብዬ በሩን ሳይ ከረምኩ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ተበዳይዋ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ነበር የኖሩት። ዕንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ ደጃፉ አንድ እርምጃ ተጠጉ።

«አሁንስ ተሻለሽ?» አሉ።