ከግዝቱ በፊት

«እንግዲህ ጽጌ፣» አሉ አባ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን እያወጡ፣ «ሁለተኛ መድረክ ላይ አልወጣም ካልሽ በግዝት ላስረው ነው።»

ማህሌት የውሃ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በዚህ ሰፈር የሽማግሌ ቃል ያፈረሰ ሞልቷል፤ የነፍስ አባቱን ግዝት የደፈረ ግን አልታየም።

አባቷ ምናሴ ለማስታረቅ ከመጡት ሁለት ሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጧል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ከፈረቃ ደክሜ ገብቼ ባዶ ቤት አልከፍትም። ወይ መድረኩን ትምረጥ፣ ወይ ትዳሯን» ካለ ሁለት ሳምንቱ ነው። ያለውን የማያጥፍ ሰው ነው።

«ምን የምመርጠው አለኝ ብለው ነው፣ አባ?» አለች እናቷ ጽጌ መሬት መሬቱን እያየች። «ሳምንቱን ሙሉ የባህል ቡድኑን ስልክ ጠበቅሁ፤ አልደወሉም። ካልፈለጉኝ ይቅርብኝ።»

ደውለው ነበር። ትናንት እናቷ ልብስ ልታጥብ ሐይቁ ዳር ስትወርድ ስልኩን ያነሳችው ማህሌት ናት። የባህል ቡድኑ አሠልጣኝ ሀዲስ «ማሂ፣ እናትሽ ቀውጢ ናት! ከሠላሳ ሰው መሐል ተመርጣለች። መኪናው ነገ ስምንት ሰዓት ይነሳል፤ ከቀረች ቦታው ለሌላ ነው» ነበር ያላት። ማህሌት «እሺ፣ እነግራታለሁ» አለችው። ከዚያ ጥሪውን ከስልኩ ላይ አጠፋችው። ቤታቸውን ከመፍረስ ያዳነች መስሏት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ጽጌ የውዝዋዜ ቀሚሷን ቀድዳ ወለል ስትወለውልበት አየቻት። ማህሌት ልጅ ሳለች፣ ያ ቀሚስ ሳይኖር በፊት፣ እናቷ ከሐይቁ ዳር እምቦጭ ማዶ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ሰው ያላያት መስሏት፣ ለብቻዋ እስክስታ ስትመታ ተደብቃ ታያት ነበር። በምድር ላይ እንደ እማ ያለ ሰው የለም ትል ነበር ያኔ። ጠዋት የዚያን ቀሚስ ጥልፍ ጭቃ ውስጥ ስታየው አለቀሰች።

«ውሃውን አምጪው እንጂ፣ ልጄ» አለ ምናሴ ለስለስ ብሎ። ሁለት ሳምንት የተቋጠረ ፊቱ ዛሬ ተፈቷል። ማህሌት ይህን ፊት ስትናፍቀው ነው የከረመችው።

አባ ተነሡ፤ ሁሉም ተከትለዋቸው ቆሙ። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ሰዓት ከሩብ ይላል።

ማህሌት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አባቷን ላለማየት ዓይኗን እናቷ ላይ ተከለች።

«አባ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለች። «እማ፣ ትናንት ሀዲስ ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»