ድልድዩ ይቅደም

በፈረንጆች አቆጣጠር 1952 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ፣ የኒው ሃምፕሻየር በረዶ ቀን ጭቃ ሌሊት ድንጋይ በሚሆንበት ወቅት፣ የፔልተን ሚልስ ሕዝብ ለዓመታዊው ጉባኤ በአዳራሹ ተሰበሰበ፤ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ምድጃ ዙሪያ፣ ለፕሬዚዳንት እጩዎችም ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ።

ከወንዙ ማዶ ላም የምታረባው ቲርዛ ኮልቢ የመጣችው ግን ለፕሬዚዳንት አልነበረም። የመኸሩ ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ ወተቷ ገበያ አጥቶ ለአሳማ ይደፋ ነበር፤ ጉባኤው ዛሬ አዲስ ድልድይ ካልፈቀደ ላሞቿን መሸጧ ነው።

የድልድዩ ተራ ሲደርስ፣ ከቦስተን የመጣ የራዲዮ ዘጋቢ ለሰብሳቢው ለሚስተር ሃስኬል በጆሮው ሹክ አለው። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ ድልድዩ ለሳምንት ይደር። መራጩ ሁሉ ድምፁን ከሰጠ ሳጥኑን አሁኑኑ እንከፍታለን፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ውጤት የእኛ ይሆናል።»

ቲርዛ ተነሳች።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ዛሬ እንኳ የመጣነው በሩቁ ዙረን ነው፤ በሳምንቱ ጭቃው እስከ ጉልበት ይሆናል፤ እኛ የማዶ ሰዎች እንደማንመጣ እርስዎም አሳምረው ያውቃሉ። ድልድዩ ሳይወሰን እኔ አልመርጥም፤ እኔ ካልመረጥኩ ደግሞ ሳጥኑ አይከፈትም።»

ዘጋቢው ሳቀ። «እመቤቴ፣ አገር ጆሮውን ቀስሮ እየጠበቀ? ለነገሩ ከሰዉ ላሙ የሚበዛበት መንደር አገር ማስከተሉ መች ይገባውና!»

«ይገባናል ያለህ ማነው? አባቶቻችን አዳራሹን ሁለቴ ማሞቅ ቢከብዳቸው ነው ምርጫውን በጉባኤው ቀን ያደረጉት። እንጨት ቆጠቡ እንጂ አገር እንምራ አላሉም!»

«የዘጋቢውን ጫማ እዩለት፣ ጭቃ አልነካውም!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ፤ «ወንዙ ድረስ መች ደረሰና!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሰብሳቢው ፊቱ ቀላ። «ቲርዛ፣ ስማችን በታሪክ ሊጻፍ ነው እኮ!»

«ታሪክም ከፈለገን በድልድዩ ተሻግሮ ይምጣ።»

የማዶ ሰዎች አንድ በአንድ ተነስተው ከጎኗ ቆሙ፤ አንዳቸውም ገና አልመረጡም ነበር። ክርክሩ እስከ ማምሻው ዘለቀ፤ ድልድዩም በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ ቲርዛ የምርጫ ወረቀቷን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች።

ዘጋቢው ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ የመጀመሪያው ውጤት የተሰማው ከሌላ መንደር ሲሆን፣ በታሪክ የተጻፈውም የዚያ መንደር ስም ነው። አገሩ በምርጫው ማን ይቅደም እያለ ዛሬም ይጨቃጨቃል። የፔልተን ሚልስ ሰው ግን የቲርዛን ስም ድልድዩ ላይ እንኳ አልጻፈም፤ ወተቱን ጭኖ ተሻገረበት እንጂ።