ዘጠኝ ጊዜ ቀጭ

«ሁለቱንም ቆጥረሻል አይደል?» አለ አባቷ፣ ፊቱን ወደ ድምጿ አዙሮ።

«አዎ፣ አባዬ። ዘጠኝ ዘጠኝ።»

አፏን ሞልታ ነበር የተናገረችው። በአባቷ ጋራዥ ውስጥ «ብሎን» የሚሏት፣ ትንሽ ብትሆንም የያዘችውን ስለማትለቅ ነው። ትናንት ግን ለቃዋለች።

በአሮጌ መኪኖች ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አረንጓዴ ሲበራ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ወንድሟ የሚነዳት ቀይ መኪና፣ ቤተሰቡ «እሜቴ» የሚላት፣ የአባቷ እኩያ ናት። ስትነሳ አፍንጫዋ ሽቅብ ይላል፣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይጫናል። የኋላ ጎማዎቿን ከአስፋልቱ ጋር የሚያጣብቁት ከኋላ ያሉት ሁለቱ የንዝረት ማብረጃዎች፣ አሞርዛተሮቹ፣ ናቸው። እያንዳንዳቸው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለች የምትዞር ማስተካከያ አለች፤ እስከ መጨረሻው ትዘጋና «ቀጭ» ያለችውን እየቆጠርክ ዘጠኝ እስኪሞላ ታላላታለህ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ መኪናዋ ወደ ጎን ትስባለች። ጎን ላይ ያለው ደግሞ የኮንክሪት ግንብ ነው።

አባቷ ሲቆጥር ጋራዡ ጸጥ ይል ነበር። «ዝም በሉ፣ እየቆጠርኩ ነው» ይላል። ካቋረጡት፣ ስምንት ላይ ቢደርስ እንኳ፣ ዘግቶ ከዜሮ ይጀምራል። «ይመስለኛል የሚባል ቁጥር የለም» ይላታል። ስኳር በሽታ ዓይኑን አደብዝዞ ጣቶቹንም ሲያደነዝዝበት፣ ሥራውን ለእሷ አስረከባት።

ትናንት ከሰዓት እሜቴ ሥር ተጋድማ የቀኙን ስትቆጥር ጓደኛዋ ደወለች። «ሰምተሻል? ሙድ አስያዝኩበት እኮ!» ብላ በክፍላቸው ልጅ ላይ እንዴት እንዳሾፈች ታወራላት ጀመር፤ ተሳሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ስድስት ላይ ትሁን ሰባት ላይ ጠፋባት። እንደገና መቁጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እሷ ግን ሰለቻት፤ «ሰባት ይመስለኛል» ብላ ሁለት ጨመረችና ተነሳች። ምን ነካት!

አሁን በውድድሩ ሰልፍ ላይ ከወንድሟ ፊት ያሉት ሁለት ጥንድ መኪኖች ብቻ ናቸው። ከመስመር የወጣ መኪና አይመለስም፤ ቀጣዩ ውድድር የዛሬ ዓመት ነው። የዛሬ ዓመት አባቷ ያይ እንደሆነ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም።

«ቀይዋ ትታየኛለች» አለ አባቷ፣ አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ። «ስትነሳ አፍንጫዋን ብቻ ልይ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ዝም ብትልስ? ምናልባት እኮ ዘጠኝ ነው።

አንዱ ጥንድ ተፈተለከ። ወንድሟ በመስኮት አውራ ጣቱን አሳያት፤ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ነው። ይህ ልጅ፣ እሷ ቆጠርኩ ስላለች ብቻ፣ ሳይጠራጠር እግሩን ነዳጅ ላይ ሊጭን ነው።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለች። «የቀኙን ስቆጥር ተቋርጦብኝ ነበር። ከዜሮ አልጀመርኩም።»

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ዝግ ባለ ድምፅ።

ሮጠች። እሜቴ ፊት ቆማ መዳፏን ኮፈኑ ላይ ዘረጋች፤ በእነሱ ጋራዥ ይህ «ሞተር አጥፋ» ማለት ነው።

«አብደሻል እንዴ? ተራችን እኮ ደረሰ!» ጮኸ ወንድሟ።

«የቀኙን ቁጥር አላውቀውም።»

ለአፍታ አፈጠጠባት። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላቸው የነበረው መኪና አልፏቸው ቦታቸውን ያዘ።

እሜቴን ገፍተው አጥሩ ሥር አቆሟት። ወንድሟ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወርውሮ ጀርባውን ሰጣት። ሰው ተሰበሰበ፤ «ምን ሆነች? ተበላሸች?» እየተባባለ ይንጫጫል። ብሎን ማንንም ሳታይ በጀርባዋ ተንሸራታ መኪናዋ ሥር ገባች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ውድድሩ አምልጧቸዋል፤ አሁን ቢቆጠርም ባይቆጠርም ለውጥ የለውም። ቢሆንም ማስተካከያዋን ያዘችና እስከ መጨረሻው ዘጋቻት።

የአባቷ ከዘራ አስፋልቱን እየነካካ ሲቀርብ ሰማች። ጫማዎቹ አጠገቧ ቆሙ።

«ዝም በሉ» አለ ለሰዉ። «እየቆጠረች ነው።»

ጸጥ አለ።

ቀጭ።

«አንድ» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።