«እኔን» ስል «እሺ» ያለው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ቦታው ናይሮቢ፣ ኢስትሊ። ሰዓቱ ደግሞ እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ...

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ከደርግ ሸሽተን የመጣን ሴቶች በሐጂ ፈድሉ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋ ነበር። ሐጂ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ አባባል ግን ነበረው።

"ስደተኛ መታወቂያም የለውም፣ ሕመምም የለውም።"

ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሥራ ፈላጊዎች ተደርድረው ይውላሉ። አንድ ቀን የቀረች ሰው፣ በማግስቱ ወንበሯ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ታገኛለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ጋ ግን በሽታውን ያልደበቀ እንጀራ አልነበረውም። እኔም ብሆን አመመኝ ብላ የምትቀር ሰው ስትገጥመኝ "አልጋው ናፍቋት ነው" እያልኩ አሾፍ ነበር።

ከጎኔ የምትሰፋው ሠናይት ማሳል ስትጀምር ማሾፌን ተውኩ።

ሳሏ ሲመጣባት ወደኔ ታያለች። እኔ ፔዳሌን በኃይል እረግጣለሁ። ትርርርር... ሳሉ በስፌት መኪናው ድምፅ ይዋጣል። ሐጂ አይሰማም።

ያን ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ሳሉ ወገቧን አጎበጠው። መሐረቧ ላይ ደም አየሁ። እሷ ግን አፏን ጠረገችና ስፒሎቿን መልሳ በከንፈሯ ይዛ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች።

"ነገ ቅሪ" አልኳት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች። በዓይኗ የድንጋዩን ደረጃ አሳየችኝ።



"እኔን!" አልኳት። "እኔን፣ ሠናይቴ..."

ይህን ሁላችንም እንለዋለን። ሰው ሲታመም "እኔን" ማለት ሕመምሽ ወደኔ ይምጣ ማለት ነው። የታመመችውም "ጠላትሽን" ብላ ትመልሳለች። በቃ፣ ወግ ነው። ማንም ከልቡ ተቀብሎት አያውቅም።

"እሺ" የሚል መልስ መጣልኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ዞርኩ።

ሠናይት አልሳቀችም። ደንግጣ ወደኋላዋ እያየች ነበር።

ስፒሎቹ እንዳሉ ናቸው። ከንፈሯ አልተላቀቀም።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ሠናይት አላሳለችም። ማታ ቤት ስገባ የእኔን ጉሮሮ ከረከረኝ...

ሳምንት ሳይሞላ ደም መትፋት ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ፔዳሉን በኃይል የምትረግጥልኝ ሠናይት ሆነች። ፊቴን ግን አታይም።

"ያን ቀን እሺ ያልሽኝ..." አልኳት።

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ሥራሽን ሥሪ። ሐጂ እያየ ነው።"

የምኖረው ቀመሪያ ከምትባል የሞያሌ ሴት ጋር ነበር። ኢስትሊ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ኩለሱም የምትባል፣ አፏን ገና የፈታች ልጅ አለቻት። አንዲቱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ከወዲህ እኔ፣ ከወዲያ እነሱ። ኩለሱም የሰማችውን ሁሉ ትደግማለች። እንቅፋት በመታን ቁጥር "እኔን!" ስትል በሳቅ እንፈርስና እንስማታለን።

አንድ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ቀመሪያ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

"ዛሬ ትቀሪያለሽ" አለች።

"ወንበሬስ?"

"ወንበር ከነፍስ ይበልጣል? እስቲ ግንባርሽን... ኧረ እሳት ነሽ። እኔን!"

እጇን ከግንባሬ ላይ ገፋሁት።

"ጠላትሽን!" አልኩ። "ጠላትሽን፣ ጠላትሽን..."

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀስ ብሎ...

"እሺ።"

ቀመሪያ ሳቀች። "ምን ሆነሻል? ጠላትሽን ትያለሽ፣ መልሰሽ እሺ ትያለሽ?"

የሰማችው የእኔን ድምፅ ነበር።

መጋረጃውን ገለጥኩ። የጨርቅ ጥቅሎቿ አሉ። ኩለሱም ተኝታለች። ሌላ ማንም የለም።

ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ትኩሳቴ ለቀቀኝ። ሰው በመዳኑ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ምክንያቱም ቀመሪያ ማሳል ጀምራ ነበር።

ቀትር ሳይደርስ ሕመሙ አልጋ ላይ ጣላት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ የቀረሁት ያን ቀን ነው። ያውም ጤነኛ ሆኜ። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ይሆናል። ይቀመጥ፣ እኔ ልጅ ያላትን ሴት ገድዬ አልሰፋም።

"ቀመሪያ፣ ስሚኝ። እኔን ስልሽ፣ እሺ በይኝ።"

"ለምን?"

"ዝም ብለሽ በይ። እኔን!"

"ጠላትሽን።"

"አይደለም። እሺ በይ!"

"ወላሂ አልልም" አለች በደከመ ድምፅ። "እህቴ አይደለሽ? እንዴት እሺ እልሻለሁ? ጠላትሽን።"

ወደ መጋረጃው ዞርኩ።

"እኔን!" ብዬ ጮህኩ። "እኔን፣ እኔን..."

ዝም።

ሌላ ጊዜ ፈጥኖ የሚመልሰው፣ ለእኔ ልመና ዝም አለ።

ኩለሱም በጩኸቴ ነቃች። መጋረጃውን በራሷ ገፍታ ወጣችና እየተንገዳገደች ወደ እናቷ አልጋ ሄደች። ትንሿን እጇን የእናቷ ጉንጭ ላይ አደረገች።

"እማ..." አለች። "እኔን።"

ዘልዬ አፏን በመዳፌ ያዝኩ። ቀመሪያ "ጠላትሽን፣ የእኔ እናት" አለቻት።

ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ።

"እሺ" የሚል አልመጣም። ተመስገን ጌታዬ ልል ስል...

ትርርርርር...

ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪና ይሠራል።

ቤታችን ውስጥ የስፌት መኪና የለም።

ቀመሪያ ተነስታ ተቀመጠች። ፊቷ ጠርቷል፣ ሳሏ የለም። "ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለችኝ።

አልመለስኩላትም። በክንዴ ሥር የኩለሱም ትንሽ ደረት ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ታስላለች፣ ደጋግማ ታስላለች...

የሳሏ ድምፅ ግን በመኪናው ተውጦ አይሰማም።