ያልተራዘመው ቀጠሮ

«ተራዝሟል በይው፣ በቃ!» አለ አሞጽ፣ የእህቱን እጅ ጨበጥ አድርጎ።

ስልኩ ገና ከኑሃሚን እጅ አልወረደም። ከአዲስ አበባ የደወለችው ነርስ «ሰኞ ይተኛል፣ ማክሰኞ ቀዶ ጥገናው ነው፤ እንዳይቀር አደራ» ብላ መዝጋቷ ነበር።

«አባዬን እንዴት ብዬ ልዋሸው?»

«ኑሃ፣ እስቲ እዪኝ! ራስ ምታቱ ጠፋ፣ ድንገት መውደቁም ቀረ። ድኛለሁ እኮ! ደህና ጭንቅላት ለምን ይከፈታል?»

እውነትም ደህና ይመስል ነበር። አንጎሉ ውስጥ የደም ሥሮቹ ያለ ወጉ ተጠላልፈው ስለተገኙ፣ ሐኪሞቹ ከወር በፊት በብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ገሚሶቹን ሙጫ በመሰለ ነገር ደፍነውለታል። «ይሄ የደሙን ጉልበት ይቀንስልናል እንጂ ብቻውን አይበቃም» ብለው ነበር። «ቀጥሎ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን። ቢላ የማይደርስበት ቦታ የሚቀር ካለ በጨረር እንጨርሰዋለን። ከተተወ ግን አንድ ቀን ሊፈነዳ ይችላል።»

ኑሃሚን ያቺን የመጨረሻዋን ቃል አልረሳቻትም።

አባታቸው አቶ ካሱ ከአባያ ሐይቅ ዳር ባለው የሙዝ ማሳቸው ነበሩ፤ የመስኖ ውሃ ተራቸው ነው። ልጆቹ ምሳ ይዘው ሲደርሱ፣ እሳቸው የተሸረሸረውን ቦይ ሊጠግኑ ከላይ በኩል የሙዝ ግንድና ጭቃ ደርድረው ውሃውን አቅጥነውታል።

«አባዬ፣ ውሃው ቆመልህ እኮ! ና ብላ፣ የቀረው ለነገ ይደርሳል» አለ አሞጽ።

አቶ ካሱ ሳቁ። «ጎሽ የኔ አንበሳ! ጎረቤታችን ሸዋንዳኝም አምና እንዳንተው ብሎ ምሳው ላይ ተሰየመ። ሲመለስ ቦዩም የለ፣ ሙዙም የለ። ይሄ ግንድ ቦዩን አልጠገነውም፤ እስክጠግነው ፋታ ነው የሰጠኝ።» ላባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ሐኪሞቹስ አልደወሉም?» አሉ።

አሞጽ እህቱን አያት። እጁ ሳያውቀው ወደ ጸጉሩ ሄደ። ኑሃሚን ያን ጊዜ ገባት፤ ልጁ ፈርቷል።

አጠገቡ ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

«ደውለዋል» አለች። የቀረውን ለእሱ ተወችለት።

አሞጽ ቀጥ ብሎ የቀጠነውን ውሃ አየ።

«ሰኞ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጸጉሬን ግን ኑሃ ናት የምትላጨኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካኝ!»

አካፋውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አባቱ ቀደሙት። «አንተ ቁጭ በል!»

ኑሃሚን ጫማዋን አወለቀች። አካፋውን ተቀብላ ወደ ቦዩ ወረደች።