በኵሓ ወይስ በአስመራ

አህያዋ ሜዳው መሀል ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመችና አልንቀሳቀስ አለች። ጀርባዋ ላይ የተጫነው ጨው ከራሷ ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቦይ ከፋለ በዱላቸው ጫፍ ነካ ቢያደርጓት ጆሮዋን ብቻ አወዛወዘች።

«ሂጂ እንጂ አንቺ! በእንግዳ ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

እንግዳዋ ምንትዋብ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለአዲስ አበባ የተገዛላት ጫማ ከመንገዱ በፊት እንዳያረጅባት አውልቃ በእጇ ይዛዋለች፤ በባዶ እግሯ ከአህያዋ ኋላ ኋላ ትከተላለች።

አቦይ ከፋለ ኵሓ አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ናቸው። ማረፊያ ይባል እንጂ ያለው አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ በረጅም እንጨት ላይ የተሰቀለ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅና ብዙ ከብት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ አውሮፕላን ትመጣለች። ከብቱ ይነዳል፣ አውሮፕላኗ ትወርዳለች፣ ሰው ይሳፈራል፣ ከብቱም ተመልሶ ይገባል። ሜዳው ከጨቀየ ግን አቦይ ከፋለ ቀይ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኗ ከላይ አንዴ ትዞርና መንገዷን ትቀጥላለች። ሻንጣውን ታቅፎ የቆመ መንገደኛ አንጋጦ ከመሸኘት ሌላ ምን ያደርጋል!

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የምንትዋብ አባት አቶ ሥዩም ከሸዋ መጥተው መቐለ ላይ በመንግሥት ጸሐፊነት የሚሠሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ክረምቱን አዲስ አበባ፣ ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ዘንድ እንድታሳልፍ ፈቅደውላታል። ወይዘሮ እማዋይሽ ለጊዜው መቐለ ናቸው፤ አክስትና የወንድም ልጅ አብረው ይሄዳሉ። ችግሩ የመነሻው ነገር ነው። ኵሓ ቅርብ ነው፤ ግን ሜዳው ከጨቀየ አንድ ሳምንት ያስቀራል። አስመራ ትልቅ ማረፊያ አለ፤ አውሮፕላንም አይጠፋም፤ ግን እስከዚያ ሁለት ቀን በጭነት ማኪና መንገላታት አለ። «ሂጂና ሜዳውን አይተሽ ነይ» ብለዋት ነበር አባቷ ጠዋት። «ደረቅ ከሆነ ከዚህ፣ ካልሆነ ከአስመራ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«አቦይ፣ በአህያ ከምትለኩት በግመል አይሻልም?» አለች ምንትዋብ። ከሜዳው ዳር ጨው የጫኑ ግመሎች ተንበርክከው ያርፉ ነበር።

«ግመልማ ትሸነግልሻለች፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ አቦይ ከፋለ። «እግሯ ሰፊ ነው፤ ጭቃውን ሳትነግርሽ ታልፈዋለች። አህያ ግን ኮቴዋ ጠባብ ነው። አህያ አትዋሽም። በይ እስቲ ጣትሽን አስገቢና እዪው።»

ምንትዋብ ተንበርክካ አመልካች ጣቷን ኮቴው በተወው ጉድጓድ ውስጥ አቆመች። ጥፍሯን ብቻ ሸፈነው።

«አየሽ! አንጓሽን ካላለፈ አውሮፕላኗ ትወርዳለች። ሜዳው ዘቅዘቅ ያለ ነው፣ ውሃ አይዝም። ዛሬ ማታ ቢዘንብ ነገ ይደርቃል። ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ካልወረደች ጢሜን እላጫለሁ!»

ምንትዋብ አመስግና ተነሣች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ጉድጓዱ ጠልቆ ቢሆን ኖሮ ትመርጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን የክፍል ጓደኞቿ ከኵሓ ትሳፈሪያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ «ኵሓ? እሱ'ኮ የላም መዋያ ነው! እኔ የምሳፈረው ከአስመራ ነው» ብላ ነበር፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ከክፍሉ አስመራን ያየች ረሒማ ብቻ ናት። ረሒማ በደስታ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «እንግዲህ ስትመለሺ ሁለታችን ብቻ የምናወራው ነገር ይኖረናል!» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንትዋብ አስመራን በእንቅልፏ ሳይቀር ታያት ነበር።

የረሒማ አባት ጋሽ ጀላሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ በመቐለና በአስመራ መካከል በማኪናቸው እህል ያመላልሳሉ። ኵሓ ጭነት አራግፈው ሲመለሱ ምንትዋብን ከመንገድ ዳር አነሷት። መሪያቸውን በአንድ እጅ፣ ወሬያቸውን በሌላው እጅ ይዘው፦

«ወላሂ፣ የአስመራው ሜዳ ሜዳ እንዳይመስልሽ!» አሉ። «ሣር የሚባል የለውም። መጠበቂያው ቤት መስተዋት በመስተዋት ነው። ጀላቲ የሚሸጥ ጣሊያን አለ። አውሮፕላኑም አንድ ብቻ አይደል፤ እንደ ዶሮ ተኮልኩለው ታያቸዋለሽ። ነገ ቀትር ላይ እነሣለሁ፤ አሏህ ካለ ሐሙስ ማታ አስመራ ነን። አብሽሪ፣ ሜዳው ከጨቀየ እኔ አለሁልሽ።»

ሜዳው እንዴት እንደሆነ አልጠየቋትም። እሷም አልተናገረችም።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ እማዋይሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን ይጥፋሉ። አውሮፕላን ከተባለ ጀምሮ ፊታቸው በርቷል። ሰው ሁሉ «አይፈሩም ወይ?» ሲላቸው፣ «ሰማይ ላይ ምን መታጠፊያ አለና እፈራለሁ!» ነበር መልሳቸው።

«መጣሽልኝ? ሜዳውስ እንዴት ነው?»

«ጭቃ ነው፣ እትዬ» አለች ምንትዋብ። «አህያዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠች።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሥዩም ይሙት!» ብላ ጨመረች።

ወይዘሮ እማዋይሽ መርፌያቸውን አቆሙ። አንድ አፍታ ያህል ፊቷን አዩና ፈገግ አሉ። «ኧረ ወንድሜን አትግደዪብኝ!» ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ሰው በእግዜር ስም ሲምል አፉ ለምዶበት ይሆናል ይባላል። በአባቱ ስም ሲምል ግን የሰማው ሁሉ ያምነዋል። በሐሰት የማለ እንደሆነ ደግሞ ጦሱ በአባትየው ላይ ነው። ምንትዋብ ይህን ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። ምላሷን ብትነክስም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አቶ ሥዩም ያን ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ መትቷቸው ገቡ። ኮታቸውን ገና ሳያወልቁ አነጠሱ።

«ይማርህ» አሉ እኅታቸው።

ራት ቀርቦ እጅ ሲታጠቡ ደግመው አነጠሱ። ታስታጥብ የነበረችው ምንትዋብ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰችው። ሦስተኛውን እንጀራ ሲቆርሱ አነጠሱ። እስከ ዛሬ አባቷ ስንት ጊዜ እንዳነጠሱ ልብ ብላ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዷን ትቆጥራለች።

«እንግዲያስ ጨቅይቷል» አሉ አቶ ሥዩም የሆነውን ሲሰሙ። «ነገ ጠዋት ቦታ እንዲይዙላችሁ ለአስመራ ቴሌግራም አስመታለሁ። ጀላሉንም ምናልባት ብዬ ፊተኛውን መቀመጫ ያዝልኝ ብየዋለሁ። እትዬ ግን እንዴት ይሆናሉ? እኔ እኮ ያሳሰበኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን እሆናለሁ? መጥቼበት የለም እንዴ!»

የወይዘሮ እማዋይሽን አመጣጥ ሁሉም ያውቀዋል። በጥር ምንትዋብ ሳንባዋን ታማ ነበር፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱ የሚያስታምማት ሴት በቤቱ አልነበረም። ወይዘሮ እማዋይሽ ይህን እንደሰሙ በተገኘው የጭነት ማኪና ተሳፍረው ከአዲስ አበባ መጡ። የአላጄ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ አንጀታቸውን አውጥቶት፣ በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው ደግፎ ነው ከማኪናው ያወረዳቸው። ቀለማቸው አመድ መስሎ ነበር። መሬት እንደረገጡ ያሉት፣ «ልጅቷስ?» የሚል ብቻ ነው።

በዚያ ሌሊት ምንትዋብ አባቷ ባነጠሱ ቁጥር እየነቃች ነጋ።

ጠዋት አቶ ሥዩም ቀደም ብለው ወጡ። ወይዘሮ እማዋይሽ ጓዛቸውን ቋጥረው ጨርሰዋል። አንድ ረጅም መቀነት በእጃቸው ይዘው ጠሯት።

«ነይማ ሆዴን እሰሪልኝ። ጠበቅ አድርጊው፤ አንጀቴ ቦታውን እንዳይለቅ።»

ምንትዋብ መቀነቱን ትጠመጥም ጀመር። አክስቷ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያወራሉ፦ «ሎሚም ይዣለሁ። ዓይኔን እጨፍንና መታጠፊያውን እቆጥረዋለሁ። ስመጣ እስከ ሁለት መቶ ድረስ ዘልቄ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩም እኔም ጠፋን!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው በመቀነቱ ሥር ይንቀጠቀጣል።

የምንትዋብ እጅ ቆመ።

«እትዬ፣ አህያዋ አልሰመጠችም።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ማን ማዪ ብሎሽ ነው የማልሽው? እኔም በልጅነቴ ስዋሽ ሳልጠየቅ ነበር የምምለው። ዘር ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ወይዘሮ እማዋይሽ እጃቸውን አውርደው ትከሻዋን ያዙ። «ታመሽ ተኝተሽ ምን ላድርግልሽ ስልሽ ምንም። ድነሽ ምን ልግዛልሽ ስልሽ ምንም። አምስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ሳትለምኚኝ ኖርሽ። አሁን አስመራን ማየት አማረሽ፤ ሆድሽ የፈለገውን ሳውቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ቀን ብታወክ አልሞት! አባትሽ ብቻ በስሙ መማልሽን እንዳይሰማ። በይ እሰሪው፣ ጀላሉ ሳይመጣ።»

ምንትዋብ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሁን መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዝም ብላ መቀነቱን ብታስር አስመራ የእሷ ናት። መስተዋቱ፣ ጀላቲው፣ ከረሒማ ጋር የሚወራው ወሬ ሁሉ የእሷ ነው። የአክስቷን ፊት አየች። ከዚያ የጠመጠመችውን መቀነት ፈታ፣ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ወደ በሩ ሮጠች።

«ኧረ ወዴት ነው? አባትሽ ይቆጣሻል እኮ!»

«ይቆጡ!» አለች፤ ከግቢው ወጥታለች።

አቶ ሥዩም ፖስታ ቤቱ መስኮት ፊት ቆመው ጽፈው ጨርሰዋል። ወረቀቱን ለቴሌግራም ሠራተኛው ሊሰጡ እጃቸውን ሲዘረጉ ምንትዋብ እያለከለከች ደረሰችና ክንዳቸውን ያዘች።

«አባባ፣ አይስጡት! ሜዳው ደረቅ ነው። ዋሽቼ ነው። አስመራን ለማየት ብዬ ነው። በእርስዎ ስምም ምያለሁ።»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። አቶ ሥዩም ግንባራቸው ተቋጠረ። ተራ የያዙት ሰዎች ጆሯቸውን አቁመዋል።

«በእኔ ስም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ የመጣው ማስነጠስ ሆነ።

«ይማርዎት! ይማርዎት! ይማርዎት!» አለች ምንትዋብ፤ ጩኸቷ ፖስታ ቤቱን አናጋው። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። የአቶ ሥዩምም ከንፈር ሳይወዱ ፈገግ አለ፤ ቶሎ ብለው መልሰው ሰበሰቡት።

«ለዚህ ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ለኵሓው ዘበኛ አስታውቃለሁ። ጀላሉ ግን ለእናንተ ብሎ ሌላ መንገደኛ መልሷል። ምን ብዬ ልንገረው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

የጋሽ ጀላሉ ማኪና ከራሳቸው ቤት ደጃፍ ቆሟል። ጋሽ ጀላሉ ጭነቱ ላይ ወጥተው ገመድ ያጠብቃሉ። ረሒማ ፊተኛውን መቀመጫ ብርድ ልብስ ታለብሳለች፤ ከክፍላቸው ሁለት ልጆችም ሊሸኙ መጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

«መጣሽ!» አለች ረሒማ። «ለአክስትሽ እንዲመቻቸው ብዬ ነው ያነጠፍኩት። ስሚ፣ ጀላቲውን ስትገዢ ቀዩን ነው የምትይው፤ እንዳትረሺ!»

አጥሩ ሥር ያሉት ልጆች ጠጋ አሉ። አባቴ ከለከሉኝ ብትል ሁሉም ያምናታል፤ ያዝንላታልም። ምንትዋብ ይህ ሐሳብ በጭንቅላቷ ሲያልፍ ተሰማት፤ አሳለፈችው።

«ጋሽ ጀላሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ረሒማ፣ አልሄድም። እኔና እትዬ ነገ ከኵሓ ነው የምንሳፈረው።»

ከልጆቹ አንዷ ፍልቅ ብላ ሳቀች። «ከላም መዋያው?»

«አዎ» አለች ምንትዋብ። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ከላም መዋያው።»

የረሒማ ፊት ጠቆረ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ለቀቀችው።

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም» አለች ምንትዋብ። «እኔ ነኝ የመረጥኩት።» ከዚያ ጠጋ ብላ የብርድ ልብሱን ሌላ ጫፍ ያዘችና አብራት ታጥፍ ጀመር።